የእማዬ ጨጓራ

«ይቺ ልጅ እኮ ጨጓራሽን ላጠችው!»

እንዲህ ያለችው ጎረቤታችን ናት። ጊዜው 1999 ዓ.ም. ክረምት ሊያልቅ ሲል ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት የመጣ ሰሞን። እኔ አላለፍኩም። እማዬ ከደረቷ ሥር በጡጫዋ ጫን አድርጋ ይዛ መደብ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ጥግ ላይ ቡና እቆላለሁ። ጎረቤታችን ክፉ ሰው አይደለችም። እማዬን ማጽናናቷ ነበር። ያቺ ቃል ግን ሆዴ ገባች። እዚያው ቀረች።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ እማዬ ሌሊት ትነሳለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ወጥ ቤት ኮሽ ሲል እሰማለሁ። ደረቅ እንጀራ ቆርሳ በወተት ትበላለች። ትንሽ ፋታ ታገኝና ትተኛለች። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ዓይኔ ፈጦ አዳምጣለሁ። «እኔ ነኝ ያመጣሁባት» እላለሁ።

አሥራ አምስት ዓመት ይህን አምኜ ኖርኩ። በመሐል ድጋሚ ተፈትኜ አለፍኩ። ባዮሎጂ ተማርኩ። አስተማሪ ሆኜ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። የምግብ መፈጨትን ሥርዓት ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደሳልኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ሥዕሉን ግን ከእናቴ ሌሊት ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። እናቱ ወይም አባቱ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው ሁሉ መንገዱን ከአፍ እስከ መጨረሻው ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

አማርኛ ስሜትን ያስቀመጠው ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው። ስንናደድ ቆሽታችን ያርራል። ስንፈራ ሐሞታችን ይፈስሳል። የሰው ችግር ስናይ አንጀታችን ይላወሳል። የተመኘነው ሲሳካ አንጀታችን ይርሳል። ስናዝን ሆድ ይብሰናል። ከእውነት ስንናገር «ከአንገት ሳይሆን ከአንጀት» እንላለን። ይህን አነጋገር እወደዋለሁ። ዝም ብሎ የተባለም አይደለም፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የሚያስቸግረኝ «ጨጓራ» የሚለው ነው። ጨጓራ የአካል ስም ነው፤ እኛ የበሽታ ስም አደረግነው። አንዴ የበሽታ ስም ከሆነ ደግሞ የሚጠይቅ የለም። የት ጋ? መቼ? ከምን የተነሳ? ማንም አይልም። «ጨጓራ ነው» ከተባለ ተልባ ተመትቶ ይጠጣል፣ በርበሬ ይቀራል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

የሆድን ውስጥ መጀመሪያ ያስተማረችኝ እማዬ ራሷ ናት። በመጽሐፍ አይደለም፣ በፋሲካ በግ።

በጉ ተገፎ ሆዱ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው ሞራው ነው። ነጭ ዳንቴል የመሰለ ስብ። ሰውም ሞራ አለው፤ እንደ መጋረጃ አንጀታችን ላይ ወርዷል። ቀጥሎ አባቴ ጉበቱን ሊያወጣ ሲል እማዬ ትጮኻለች። «ሐሞቱን! ሐሞቱን እንዳትነካው!» ሐሞቱ ጉበቱ ላይ የተለጠፈች አረንጓዴ ከረጢት ናት። ከፈነዳች የነካችው ሥጋ ሁሉ ይመራል።

የእኔ ድርሻ እጥበቱ ነው። ጓሮ እንወጣለን። ፈርሱ ይደፋል። ጨጓራው ይገለበጣል። ውስጡ ፎጣ ነው፣ ጣት ስር ሻካራ። ሽንፍላው ደግሞ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ቅጠል አለው። እያንዳንዱ ገጽ ካልተገለጠ አይጠራም። ከሁሉ የምወደው አንጀቱን ነበር። አንዱን ጫፍ በጣቴ ከፍቼ እይዛለሁ፣ እማዬ በጣሳ ውሃ ታንቆረቁራለች። ውሃው አንጀቱን እየነፋ፣ እየተጥመለመለ ይሄዳል። «አያልቅም እንዴ?» እላለሁ። የበግ ትንሹ አንጀት ከ20 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የእኛ ወደ 6 ሜትር ነው። በግ ሣር በሊታ ነው፣ ሣር ደግሞ በቀላሉ አይበገርም። ስለዚህ ሆዱ አራት ክፍል አለው፣ ያመሰኳል፣ አንጀቱም ይረዝማል። እኛ አንድ ጨጓራ ይበቃናል። ግማሹን ሥራ እሳትና ድስት ይሠሩልናል። እርሾም እንደዚሁ።

እንግዲህ አንድ ጉርሻ እንከተል። የእማዬን ሽሮ።

ሥራው ከመጉረሳችን በፊት ይጀምራል። ሽሮው ሲንተከተክ ሽታው ይመጣል፣ አፋችን ምራቅ ይሞላል። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት የወሰደው በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው። ውሾቹ የጎረሱት ምግብ ጨጓራ ሳይደርስ እንኳ ጨጓራቸው ጭማቂውን ማፍሰስ እንደሚጀምር አሳየ። አፍ ቀምሶ ለጨጓራ ወሬ ያደርስለታል ማለት ነው።

በቀን ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ያህል ምራቅ እናመነጫለን። ምራቅ ማርጠብ ብቻ አይደለም ሥራው። ውስጡ ስታርችን ቆራርጦ ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም አለ። ይህን ለማሳየት ክፍል ውስጥ ደረቅ ዳቦ አካፍላለሁ። «አኝኩ፣ ግን አትዋጡ» እላቸዋለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። አርባ መንጋጋ ሲያኝክ ይሰማል። አንድ ደቂቃ አለፍ ሲል ከኋላ አንዱ እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ ጣፈጠኝ!» ማንም ስኳር አልጨመረበትም። የራሱ ምራቅ ነው ያጣፈጠው። በአሥር ዓመት ሥራዬ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የምወደው ደቂቃ የለኝም።

ስንውጥ የአየር ቧንቧችን ላይ ያለች ክዳን ትዘጋለች። ጉርሻው በኋላ በኩል ባለው በምግብ ቧንቧ ይወርዳል። እያወራን ስንውጥ ክዳኗ ትዘገያለች፣ ያኔ ነው ትን የሚለን። ማዕድ ላይ «ሲበላ አይወራም» የሚሉት ትልልቆቻችን ይህን ክዳን አላዩትም፣ ግን ያውቁታል።

የምግብ ቧንቧው ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከስንዝር ብዙም አይርቅም። ጉርሻው ዝም ብሎ አይወድቅም። ጡንቻው ከላይ እየጨመቀ፣ ከታች እየላላ ይገፋዋል። ሰው ተዘቅዝቆ ቢውጥም ጨጓራው ይደርሳል። ታች በሩ ላይ የጡንቻ ቀለበት አለ። እሱ ሲላላ የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል። ቃር የምንለው ይህ ነው። ጠግቦ በልቶ ወዲያው የሚተኛ ሰው ቃር የሚበዛበት ለዚህ ነው።

ደረስን። ጨጓራ።

ባዶውን ሲሆን የተኮማተረ ነው፣ ከቡና ስኒ ብዙም የማይበልጥ። ምግብ ሲገባ ይለጠጥና 1 ሊትር ያህል ይይዛል። በቀን ወደ 2 ሊትር ጭማቂ ያመነጫል። ጭማቂው ውስጥ ያለው አሲድ ከሎሚ ጭማቂ ሊበረታ ይችላል። ከምግብ ጋር የገባውን ጀርም አብዛኛውን ይገድላል። የሽሮውን ፕሮቲን ያፍታታል፣ ፔፕሲን የሚባለው ኢንዛይም ደግሞ ይቆራርጠዋል። ጡንቻው ያሸዋል። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ጉርሻው ወጥ የመሰለ ቀጭን ነገር ይሆናል። ቅባት ከበዛበት ይዘገያል። ክትፎ የበላ ሰው ቶሎ የማይርበው በዚህ ነው።

ታዲያ ሥጋ የሚፈታ አሲድ ራሱን ጨጓራውን ለምን አይፈታውም? ግድግዳው የተልባ ውሃ በመሰለ ልጋግ ተሸፍኗል። ልጋጉ አሲድን የሚያበርድ ነገር ይዟል። ከሥሩ ያሉት ሕዋሳት በየጥቂት ቀኑ ይታደሳሉ። እማዬ ጡጫዋን ከደረቷ ሥር ስትጫን ይህ ሽፋን ውስጧ የሆነ ቦታ ላይ ተቀዶ ነበር። የት ቦታ እንደሆነ ነው አሥራ አምስት ዓመት ያልጠየቅነው።

2014 ዓ.ም.፣ የሁዳዴ ጾም መጀመሪያ። እማዬ እንደ ልማዷ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። ፊቷ ገርጥቷል። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። አንድ ማታ እግሯን እያጠብኩላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል» አለችኝ። ካየችው ሳምንት ሆኗታል። አፍራ ነው ያልነገረችኝ።

እባካችሁ ይህን ያዙልኝ። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ የመድማት ምልክት ሊሆን ይችላል። ከላይ፣ ከጨጓራ ወይም ከአጠገቡ የፈሰሰ ደም መንገድ ላይ ተፈጭቶ ሲወጣ ጥቁር ነው። ቀይ ስላልሆነ ደም አይመስልም። የብረት እንክብል የሚወስድ ሰውም ሊጠቁርበት ይችላል፤ እማዬ ግን አልወሰደችም። እንዲህ ያየ ሰው እንደ እማዬ ሳምንት ሊቆይ አይገባም። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

በነጋታው አዲስ አበባ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ናት። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ሕመሙ የሚብስብዎት ከበሉ በኋላ ነው ወይስ ባዶ ሆድዎን?»

«ባዶ ሆዴን ነዋ ልጄ። ሌሊትማ አያስተኛኝም። ትንሽ ከቀመስኩ ያስታግስልኛል።»

«ለሌላ ሕመም የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

እማዬ ወደ እኔ አየች። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። የጉልበት ማስታገሻ። ዳይክሎፌናክ። ሲያማት አንዳንድ፣ ሲብስባት ሁለት ሁለት፣ ለዓመታት። ከመድኃኒት ቤት እንደ ከረሜላ ገዝታ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመም የሚያስታግሱት ሰውነት የሚሠራውን አንድ ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። የጨጓራን ልጋግ የሚጠብቀውም ያው ንጥረ ነገር ነው። ጉልበቷን ባስታገሰች ቁጥር ሆዷን ትገልጥ ነበር። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። የእናቴን ነጠላ ግን ፈትሼ አላውቅም።

ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፏ ገባ። እኔ ውጪ ቆየሁ። በኋላ ሐኪሟ ፎቶውን አሳየችኝ። የጨጓራዋ ውስጥ ሮዝ ነው፣ እርጥብ፣ እንደ ከንፈር ውስጥ የሚያብለጨልጭ። ትንሽ ቀላ ከማለቱ በቀር ደህና ነው። ቁስሉ ያለው ከጨጓራው መውጫ አለፍ ብሎ፣ የትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ ነው። የሽንብራ ፍሬ የምታህል፣ መሐሏ ነጣ ያለ፣ ዙሪያዋ ቀይ። ቁስሉ ጨጓራዋ ላይ እንኳ አልነበረም! ያን ሁሉ ዓመት ጨጓራዋን ስንከስ ቁስሉ ያለው ጎረቤት ቤት ነው። እዚያ ያለ ቁስል ብዙ ጊዜ የሚያመው ሲርብና ሌሊት ነው፣ ሲበሉ ያስታግሳል። የወጥ ቤቱ ኮሽታ ይህን ሲነግረኝ ነበር ለካ። ወተቱም ቢሆን ለጊዜው ያበርዳል እንጂ ቆይቶ ተጨማሪ አሲድ ያስመነጫል።

የተወሰደው ናሙና ባክቴሪያ ተገኘበት። ኤች ፓይሎሪ።

የዚህን ባክቴሪያ ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ዝም ይላል። ድሮ ሐኪሞች «አሲድ ውስጥ ምንም ሊኖር አይችልም፣ ቁስል የሚመጣው ከጭንቀትና ከምግብ ነው» ይሉ ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ፐርዝ ከተማ፣ ሮቢን ዋረን የሚባል ሐኪም ከታማሚዎች ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ያያል። ወጣቱ ባሪ ማርሻል አብሮት ሊያሳድገው ይሞክራል። ናሙናው በየጊዜው ከሁለት ቀን በኋላ ይጣላል፣ ምንም የሚበቅል የለም። እ.ኤ.አ. በ1982 የእነሱ ፋሲካ ሆነ። በበዓሉ ምክንያት ሳህኖቹ ሳይታዩ ቆዩ። ሲመለሱ ባክቴሪያው በቅሏል። የሚፈልገው ተጨማሪ ቀን ብቻ ነበር። ልክ ሊጥ አንድ ቀን ሲጨመርለት ኩፍ እንደሚል።

አሁንም አብዛኛው ሰው አላመናቸውም። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ያቅለሸልሸው፣ ያስመልሰው ጀመር። ጨጓራው ሲታይ ተቆጥቷል፣ ባክቴሪያውም አለበት። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው አሲድ ውስጥ የሚኖረው አሞኒያ እያመረተ ዙሪያውን በማብረድ ነው። ልጋጉ ሥር ይሸሸግና ግድግዳውን ያስቆጣል። በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ይዞታል፣ አብዛኛው ምንም አይሰማውም። አንዳንዱን ግን ያቆስላል። ቆይቶ ለጨጓራ ካንሰር የሚያጋልጠውም አለ።

ለሐኪሟ ያንን ጥያቄ ጠየቅኳት። እማዬ ውጪ ተቀምጣለች። «ልጅ እናቷን አበሳጭታ እንዲህ ያለ ቁስል ታመጣባታለች?» አልኳት። ገረማት መሰለኝ ቀና ብላ አየችኝ።

«ብስጭት ሕመሙን ያብሰዋል» አለች። «ይህን ያመጣው ግን ባክቴሪያውና የጉልበቱ መድኃኒት ነው። ባክቴሪያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በልጅነት ነው።»

በእሷ ልጅነት። እኔ ሳልወለድ በፊት። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። እማዬ በሽታው የከፋ መስሏት ደነገጠች።

መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነው። አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል፣ ከሁለት አንቲባዮቲክ ጋር። ጠዋትና ማታ፣ 14 ቀን። የንስሐ አባቷ ከመድኃኒቱ ጋር እህል እንድትቀምስ ፈቀዱላት። በአምስተኛው ቀን «ተሽሎኛል፣ ይብቃኝ» አለች። አፏን መረራት፣ ሆዷም ላላ። እዚህ ላይ ጨከንኩ። ሳይጨርሱ ማቆም ባክቴሪያውን አይገድለውም፣ መድኃኒቱን ያስለምደዋል። የቀኖቹን ቁጥር በር ላይ ለጠፍኩና አንድ በአንድ ሰረዝኩ። ዳይክሎፌናኩን ለሐኪሟ አስረክበን ነው የመጣነው።

ጉርሻችንን በር ላይ ትተነዋል። ከጨጓራ ቀጥሎ ያለችው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ዱኦዲነም ትባላለች። ስሟ አሥራ ሁለት ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፣ አሥራ ሁለት ጣት ጎን ለጎን ቢደረደር ርዝመቷን ያህላል ተብሎ። የእማዬ ቁስል የነበረው እዚህ ነው። ከጨጓራ የወጣው አሲዳም ወጥ እዚህ ሲደርስ ሁለት ነገር ይፈስስበታል። አንዱ ሐሞት ነው። ጉበት ይሠራዋል፣ ያቺ አረንጓዴ ከረጢት ታጠራቅመዋለች። ቅባትን እንደ ሳሙና ይበታትናል። በአማርኛ «ሐሞቱ ፈሰሰ» የተባለ ሰው ድፍረቱ ከድቶታል። እዚህ ግን ሐሞት ካልፈሰሰ የቅቤው ነገር አይሆንም። ሁለተኛው የቆሽት ጭማቂ ነው። አሲዱን ያበርዳል፣ ስታርቹን፣ ፕሮቲኑን፣ ቅባቱን፣ ሁሉንም የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉት። ሙያ የሞላበት አካል ቢኖር ቆሽት ነው። በዚያ ላይ ኢንሱሊን የሚሠራውም እሱ ነው።

ከዚያ ፎጣው። የአንጀታችን ውስጥ እንደ ፎጣ ፀጉር የቆሙ ጥቃቅን ጣቶች አሉት፣ ጣቶቹ ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ሌሎች ጣቶች። ቢዘረጋ ስፋቱ 30 ካሬ ሜትር ያህል ነው። የአንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ወለል ሆዳችን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ስኳሩና የተቆራረጠው ፕሮቲን ወደ ደም የሚገቡት በዚህ ነው። ደሙ ቀጥታ ልብ ጋ አይሄድም፣ በጉበት በኩል ያልፋል። ጉበት እንደ ግምጃ ቤት ያዥ ነው፣ የገባውን ሳያይ አያሳልፍም። ጨውና ስኳር ደግሞ በአንድ በር ተያይዘው ይገባሉ፣ ውሃም ይከተላቸዋል። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን የሚያተርፈው የጨውና የስኳር ውህድ፣ ኦአርኤስ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

የኮሶ ትልም የሚኖረው እዚህ ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው። በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ይገባል፣ ሜትሮች ይረዝማል። አፍ የለውም። ሆድም የለውም። እኛ የፈጨነውን በቆዳው ይመጠዋል። አያቴ የኮሶውን አበባ በጥብጣ ስትጠጣ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አሁንም ይታየኛል።

ባዶ ሆዳችንን ስንሆን ጨጓራና አንጀት አያርፉም። በየአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ማዕበል የመሰለ መኮማተር ከላይ ወደ ታች እየጠረገ ይሄዳል። የቀረ ፍርፋሪ ይወስዳል። ቅዳሴ ላይ ሆዳችን ሲጮኽ ብዙ ጊዜ እየተጠረገ ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ትልቁ አንጀት 1.5 ሜትር ያህል ነው፣ ዋና ሥራው ውሃ መምጠጥ ነው። ከጠጣነውና ሰውነታችን ካመነጨው ጋር በቀን ከ8 እስከ 9 ሊትር ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃችን ይገባል። በሰገራ የሚወጣው ግን ከ200 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፣ ሌላው ይመለሳል። እኔ የምደነቅበት ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቁጥራቸው ከራሳችን ሕዋሳት ጋር ይቀራረባል። ትልቁ አንጀት ቡሆቃ ነው። የሽሮው ሽንብራና ባቄላ ውስጥ እኛ መፍጨት የማንችለው ስኳር አለ። ሳይነካ እስከዚህ ይደርሳል፣ ባክቴሪያዎቹ ያቦኩታል፣ ኩፍ ይላል። ሆዴን ነፋኝ የምንለው ይህ ነው። እማዬ ሊጥ ስታቦካ እርሾ እንደምታስቀር፣ ትርፍ አንጀትም ለእነዚህ ባክቴሪያዎች የእርሾ ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ይህ ሐሳብ በጣም ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ አንጀትና ስሜት ልመለስ፣ ቃል ገብቼ ነበር። ከምግብ ቧንቧ እስከ መጨረሻው ባለው ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ነርቮች መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ሴሮቶኒን ነው፤ ሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን አብዛኛው የሚገኘው አንጀት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የሚባል ወጣት አሜሪካ ውስጥ ጥይት መታው። ቁስሉ ሲድን ሆዱ ላይ ወደ ጨጓራው የሚያሳይ ቀዳዳ ቀረ። ዊሊያም ቦሞንት የተባለው ሐኪም ሥጋና ዳቦ በሐር ክር አስሮ እያስገባ፣ እያወጣ ለዓመታት አጠና። ሰውየው ሲቆጣ የጨጓራው ግድግዳ መልኩ ሲለወጥ በዓይኑ አየ። ስለዚህ እማዬ «ጨጓራዬን አቃጠልሽው» ስትል የተሰማት ነገር እውነት ነበር። በእኔ ውጤት ተቃጥላለች። ያላደረግኩት ማቁሰሉን ነው።

ይህን የነገርኳት የፋሲካ ማታ ነው። ከጓሮ ሽንፍላውን አብረን አጥበን ገብተናል። እጃችን ገና ፈርስ ፈርስ ይሸታል። ያቺን የጎረቤታችንን ቃል፣ የቡናውን ቀን፣ ሌሊቶቹን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። «እስከ ዛሬ ይህን ይዘሽ ነው የኖርሽው?» አለች። ዱለቱ ቀረበ። እኔ ሚጥሚጣውን ሳሸሽ መልሳ ሳበችው። ትንሽ ነሰነሰችበት፣ ጠቀለለች፣ መጀመሪያ ያጎረሰችው እኔን ነው።

ግንቦት ላይ የሰገራ ምርመራውን ደገመች። በደም የሚሠራው ምርመራ ከዳኑ በኋላም «አለ» ሊል ስለሚችል ሐኪሟ በሰገራ ይሁን ብላለች። መድኃኒቱ ካለቀ ከአንድ ወር በላይ አልፏል፣ አሲድ መቀነሻውንም ሁለት ሳምንት ቀድማ አቁማለች። ባክቴሪያው የለም።

ያን ዕለት ሌሊት እኔ እንደ ልማዴ 8 ሰዓት ላይ ነቃሁ። አዳመጥኩ። ወጥ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከወዲያኛው ክፍል እማዬ ስታንኮራፋ ይሰማል።